ዳኛው ሳይፈርድ የወጣ መቺ

ክሪኬት የሚባለውን የእንግሊዞች ጨዋታ የሚወዱ ሰዎች በተሰበሰቡበት ስፍራ ሁሉ ሳይነሣ የማይቀር አንድ የቈየ ክርክር አለ። ክርክሩ ማን ብዙ ነጥብ አገኘ፣ ማንስ ፈጥኖ ወረወረ የሚል አይደለም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ መዝገብ ይመልሰዋል፤ የዚህም ጨዋታ መዝገብ እጅግ የተጣራ ስለ ሆነ፣ አውስትራሊያዊው ሰር ዶናልድ ብራድማን በ52 ታላላቅ ግጥሚያዎች 6996 ነጥብ እንዳገኘ፣ አማካዩም 99.94 እንደ ሆነ የማያውቅ የክሪኬት ወዳጅ አይገኝም። መዝገብ የማይመልሰው ሌላ ነው። ኳሷ የመምቻውን ጠርዝ ነክታ ካለፈች በኋላ በተጋጣሚው እጅ ብትያዝ፣ ዳኛው ግን መንካቷን ሳያይና ሳይሰማ ቢቀር፣ መንካቷን በእጁ ያወቀው መቺ ፍርድ ሳይጠብቅ ሜዳውን ለቆ መውጣት ይገባዋልን? ወይስ ዳኛው ዝም ካለ እርሱም ዝም ብሎ መቆም መብቱ ነው?

ጨዋታውን አይቶ ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ ግልጥ እንዲሆን ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ሁለት ቡድኖች እያንዳንዳቸው ዐሥራ አንድ ሰው ይዘው ይሰለፋሉ። በሰፊው ሜዳ መካከል ርዝመቱ 20 ሜትር ያህል የሆነ፣ ሣሩ በጣም ያጠረ ጠባብ መደብ አለ፤ በመደቡም በሁለቱ ጫፍ ሦስት ሦስት እንጨቶች ተተክለው፣ በላያቸው ሁለት ሁለት ትንንሽ እንጨቶች ይጋደማሉ። ወርዋሪው ከአንዱ ጫፍ ሮጦ መጥቶ ክንዱን ሳያጥፍ ኳሷን ወደ ሌላው ጫፍ ይወረውራል። መቺውም እንደ ገና ዱላ የቈለመመ ሳይሆን ጠፍጣፋ የሆነ፣ ከአኻያ ዛፍ የተሠራ መምቻ ይዞ በስተኋላው የተተከሉትን እንጨቶች ይጠብቃል፤ ኳሷንም አርቆ ከመታ፣ በሌላው ጫፍ ከቆመው ባልንጀራው ጋር ቦታ እየተለዋወጠ በመሮጥ ነጥብ ያገኛል። ኳሷ እንጨቶቹን ከመታች፣ ወይም ከመምቻው ተነሥታ መሬት ሳትነካ ከተያዘች፣ መቺው ይወጣና ሌላው ይተካል። ዐሥር ሰዎች ሲወጡ ተራው ለተጋጣሚው ይሆናል። ቴስት የሚባለው በአገሮች መካከል የሚደረገው ታላቅ ግጥሚያ እስከ አምስት ቀን ይፈጃል፤ በዚህም ሁሉ ጊዜ ለአንድ መቺ የሚደርሰው ተራ ቢበዛ ሁለት ነው። ኳስን በእግሩ የሚጫወት ሰው ቢሳሳት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ስሕተቱን ሊያርም ይችላል፤ የክሪኬት መቺ ግን በመጀመሪያይቱ ኳስ ቢወጣ፣ የቀረውን ቀን በጥላ ሥር ተቀምጦ የሌሎችን ጨዋታ ሲመለከት ይውላል። ስለዚህ «ወጣ» የሚለው ቃል በዚህ ጨዋታ ዘንድ ቀላል ቃል አይደለም።

የጨዋታው ሕግ መጀመሪያ በጽሑፍ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1744 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። በ1787 በሎንዶን የተመሠረተው የሜሪልቦን ክሪኬት ክበብ ሕጉን ተረክቦ እስከ ዛሬ ድረስ ይጠብቀዋል፣ በየጊዜውም ያሻሽለዋል። በዚህ ሕግ ውስጥ ካሉት አንቀጾች ሁሉ ሕግ ለሚያውቅ ሰው እጅግ የሚጥመው ስለ አቤቱታ የተጻፈው ነው። ከሳሽ ከሌለ ዳኛ አይፈርድም። መቺው በእርግጥ ቢወጣ እንኳ፣ ተጋጣሚዎቹ ወደ ዳኛው ዞረው «ይህስ እንዴት ነው?» ብለው ካልጮኹ፣ ዳኛው ጣቱን አንሥቶ ወጥተሃል ሊለው አይችልም። ጩኸቱን የሰማ ሰው ጠብ የተነሣ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ጥያቄ ብቻ ነው። ሕጉ ከዚህ አልፎ አንድ ሌላ ነገር ይናገራል። በሕጉ መሠረት የወጣ መቺ አቤቱታውን ሳይጠብቅ በፈቃዱ ቢሄድ እንደ ወጣ ይቈጠራል፤ ሳይወጣ የወጣ መስሎት የሚሄደውን ግን ዳኛው ይህን ካወቀ ሊመልሰው ይገባል። እንግዲህ ሕጉ በራሱ ላይ የሚፈርደውን ሰው ያውቀዋል። ፍረድ ብሎ ግን አያዘውም፤ አትፍረድ ብሎም አይከለክለውም። የክርክሩ ሁሉ ሥር በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው።

አንባቢ የነገሩን ረቂቅነት ልብ ይበል። በቆዳ የተሸፈነችው ኳስ ክብደቷ 160 ግራም ያህል ነው። በታላቅ ፍጥነት መጥታ የመምቻውን ጠርዝ በጸጕር ውፍረት ያህል ስትነካ፣ ድምፅዋ ከደረቅ ቅጠል ድምፅ አይበልጥም፤ ዳኛው ደግሞ በሌላው ጫፍ ርቆ ቆሟል፣ ነፋስ አለ፣ የሕዝብ ጩኸት አለ፣ መምቻው የመቺውን ልብስ ወይም የእግሩን መከላከያ ነክቶ ሌላ ድምፅ ሊያሰማም ይችላል። መቺው ግን በመምቻው እጀታ በኩል ወደ መዳፉ የመጣችውን ትንሽ ንዝረት ያውቃታል። ብዙ ጊዜ ከእርሱ በቀር ይህን በእርግጥ የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ በሜዳው አይገኝም። ተከሳሹም ምስክሩም እርሱ ነው ማለት ነው።

በመጋቢት ወር 2003 በደቡብ አፍሪካ፣ በፖርት ኤልዛቤት ከተማ፣ አውስትራሊያና ስሪ ላንካ ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ለማለፍ ተጋጠሙ። ሜዳው ኳሷ ዘግይታ የምትነሣበት ስለ ነበር ነጥብ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ከአውስትራሊያ መቺዎች የመጀመሪያው አዳም ጊልክሪስት ፈጥኖ 22 ነጥብ ካገኘ በኋላ፣ አራቪንዳ ዴ ሲልቫ የወረወረለትን ኳስ ተንበርክኮ ሊጠርጋት ሞከረ። ይህ ዴ ሲልቫ ማለት በ1996 በላሆር በተደረገው የፍጻሜ ግጥሚያ 107 ነጥብ አግኝቶ፣ ከአውስትራሊያ መቺዎችም ሦስቱን አስወጥቶ፣ ዋንጫውን ለአገሩ ያመጣ ሰው ነው። ኳሷ የመምቻውን የታች ጠርዝ ነካች፣ ከእግሩ መከላከያ ላይ ነጠረች፣ ከእንጨቶቹ በስተኋላ የሚጠብቀው ኩማር ሳንጋካራም ያዛት። ስሪ ላንካዎች ጮኹ። ዳኛው ሩዲ ኩርትዘን አልወጣም በማለት ራሱን ነቀነቀ። በዚያን ጊዜ ነገሩ አልቆ ነበር፤ ከዳኛው በላይ ዳኛ አልነበረምና። ጊልክሪስት ግን ለአንድ አፍታ ቆም ካለ በኋላ፣ መምቻውን በብብቱ ይዞ ወደ ማረፊያው ሄደ። ተጋጣሚዎቹም እንኳ ወዲያው ደስ ሊላቸው አልቻሉም፤ ተደንቀው ይመለከቱት ነበር።

ብዙም ሳይቈይ የቡድኑ አለቃ ሪኪ ፖንቲንግ 2 ነጥብ ብቻ አግኝቶ ወጣ። አውስትራሊያ በዚያ ቀን ተሸንፋ ቢሆን ኖሮ፣ የጊልክሪስት ስም ዛሬ በምን ዓይነት ቃል ይነሣ እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። አንድሩ ሲሞንድስ የሚባለው መቺ ሳይወጣ 91 ነጥብ አግኝቶ ቡድኑን ወደ 212 አደረሰው፤ በኋላም ዝናም ጨዋታውን ስላቋረጠው፣ በስሌት 48 ነጥብ በልጣችኋል ተብሎ ለአውስትራሊያ ተፈረደላት። ከዚያም የፍጻሜውን ግጥሚያ አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ሰዎች ይህን ታሪክ ሲተርኩ መጨረሻው ስላማረ ሥራውም ያማረ ይመስላቸዋል። የክሪኬት እውነተኛ ወዳጅ ግን ሥራውን መመዘን ያለበት በፖርት ኤልዛቤት የመጨረሻው ውጤት ሳይሆን፣ ውጤቱ ገና ባልታወቀባት በዚያች አፍታ ነው።

የጊልክሪስትን ሥራ የማይወዱ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ ከእነርሱም መካከል እጅግ የተከበሩ ተጫዋቾች አሉ። በአውስትራሊያ ከጥንት ጀምሮ የነበረው ልማድ መቺው ዳኛውን ይጠብቅ የሚል ነው። የሚሉትም ይህ ነው። ዳኛ ሰው ስለ ሆነ ይሳሳታል፤ ሳይወጣ ወጥተሃል የተባለ መቺ ቃል ሳይመልስ እንዲሄድ ግዴታ አለበት፤ እንግዲያስ ስሕተቱ ለእርሱ ባደላ ጊዜ ደግሞ ይቁም፤ በረዥም ዘመን ሁለቱ ስሕተቶች ይቻቻላሉ። ይህ ንግግር ሚዛናዊ ይመስላል። ዳሩ ግን አንድ ነጋዴ ሰኞ ዕለት አንዱ ደንበኛ ሒሳብ ቢያጐድልበት፣ ማክሰኞ ዕለት ሌላው ደንበኛ ተሳስቶ ያበለጠለትን ገንዘብ ለሰኞው ጕድለት ይሁን ብሎ ቢያስቀር፣ ሒሳቡ ተቻቻለ ማለት ይቻላልን? ያጐደለው አንድ ሰው ነው፣ ያበለጠው ሌላ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት በሲድኒ በግፍ የወጣ መቺ፣ ዘንድሮ በኮሎምቦ የሚገጥመው ወርዋሪ የዚያን ግፍ ዕዳ የሚከፍልበት ምክንያት የለም።

ሌላው ምክንያታቸው ግን ከዚህ ይጠነክራል። ዳኛ ሳይፈርድ በመውጣት ስሙ የተጠራ መቺ፣ በሌላ ቀን ተጠራጥሮ ቢቆም፣ ዳኛው «ይህ ሰው ነክቶ ቢሆን ኖሮ በሄደ ነበር» ብሎ ያምነዋል። እንዲህ ሲሆን መልካም ስም ራሱ ለፍርድ ማድያ ይሆናል። እንዲያውም በ30 ነጥብ ላይ፣ ነገሩ ቀላል በሆነበት ቀን በፈቃዱ እየወጣ ስም ካከማቸ በኋላ፣ ግጥሚያው በተጨነቀበት ቀን ያንን ስም አውጥቶ የሚመነዝር ሰው ሊኖር ይችላል። ይህ ከሁሉ የከፋ ነው። ሁልጊዜ የሚቆም ሰው ቢያንስ ማንንም አላታለለም፤ እንደሚቆም ዳኛውም ተጋጣሚውም ያውቃሉ። ስለዚህ የጨዋታው ወዳጅ ሁልጊዜ የሚወጣውንና ሁልጊዜ የሚቆመውን በልዩ ልዩ መጠን ሊያከብር ይችላል፤ እንደ ቀኑ የሚለዋወጠውን ግን የሚያከብርበት መንገድ የለውም።

ሁልጊዜ ከሚቆሙት ወገን ስሙ በብዙ የተነሣው እንግሊዛዊው ስቱዋርት ብሮድ ነው። በሐምሌ ወር 2013 በኖቲንግሃም ከአውስትራሊያ ጋር በተደረገው ቴስት፣ በሦስተኛው ቀን፣ ብሮድ 37 ነጥብ ላይ ሳለ፣ ዕድሜው 19 ዓመት የሆነው አሽተን ኤጋር የወረወራት ኳስ የመምቻውን ጠርዝ ነክታ፣ የጠባቂውን የብራድ ሃዲንን ጓንት ገጭታ፣ በጎን በቆመው በአለቃው በማይክል ክላርክ እጅ ገባች። ይህ ከላይ እንደ ተባለው የጸጕር ያህል መንካት አልነበረም፤ በሜዳው ዳርቻ የተቀመጡት ሁሉ ያዩት ነበር። ዳኛው አሊም ዳር ግን አላየውም። በዚያ ዘመን አንድ ቡድን የዳኛውን ፍርድ በመሣሪያ እንዲመረመር የመጠየቅ የተወሰነ መብት ነበረው፤ አውስትራሊያዎች ግን መብታቸውን በከንቱ ጥያቄ ጨርሰውት ነበር። ብሮድ ፊቱን ሳይለውጥ ቆመ፤ ከዚያም በኋላ 28 ነጥብ ጨምሮ በ65 ወጣ። እንግሊዝ ያሸነፈችው በ14 ነጥብ ነው። መጨረሻውም ከዚህ የባሰ የሚያስገርም ነበር፤ የአውስትራሊያ የመጨረሻ ተስፋ የነበረው ያው ሃዲን፣ ኳሷ የመምቻውን ጠርዝ ነክታ ስትያዝ ዳኛው አልወጣም አለው፣ እርሱም ቆመ፣ እንግሊዞችም የምርመራ መብታቸውን ቈጥበው ስለ ነበር መሣሪያው ነገሩን ገልጦ አስወጣው። እንግዲህ በዚያ ግጥሚያ ከሁለቱም ወገን ዳኛውን ያልጠበቀ የለም፤ የተለየው መብት በመቈጠብ ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር ብዙ ጊዜ የሚነሣው የብራድማን ነገር ነው። በኅዳር 1946፣ ከጦርነቱ በኋላ በተደረገው በመጀመሪያው የእንግሊዝና የአውስትራሊያ ቴስት፣ በብሪዝበን ከተማ፣ ብራድማን 38 ዓመት ሆኖት፣ በጦርነቱ ዘመን ታሞ ስለ ነበር ሰውነቱ ደክሞ ወደ ሜዳ ወጣ። በ28 ነጥብ ላይ ሳለ ቢል ቮስ የወረወራትን ኳስ መታ፤ ጃክ አይኪን የሚባለው እንግሊዛዊ ያዛት። እንግሊዞች በግልጥ እንደ ያዟት አመኑ፤ ብራድማን ግን ኳሷ ከመምቻው በኋላ መሬት ነክታ እንደ ተነሣች ስላመነ ቆመ፤ ዳኛውም አልወጣም አለ። ብራድማን 187 ነጥብ አገኘ፤ የእንግሊዝ ቡድንም ድል ሆነ። ብዙ እንግሊዞች እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ይህን አልረሱትም። ዳሩ ግን ይህንና የብሮድን ነገር አንድ ማድረግ ስንፍና ነው። ዕዳ እንዳለበት አውቆ ዝም ያለ ሰውና፣ ዕዳ የለብኝም ብሎ የሚያምን ሰው ሁለት ናቸው፤ የኋለኛው ቢሳሳት እንኳ ስሕተቱ የዓይን እንጂ የልብ አይደለም።

ስለ መልካም ጨዋታ የሚጽፉ ሰዎች የሚፈጽሙት ታላቅ ጥፋት፣ እጅግ የተለያዩትን ሥራዎች ሁሉ በአንድ ቃል «ጨዋነት» ብለው መጠቅለላቸው ነው። ጊልክሪስት ያደረገው ዕዳን መክፈል ነው። ከዚህ ሌላ የወሰዱትን መመለስ አለ፤ ከሁለቱም ሌላ ደግሞ ስጦታ አለ። ሦስቱ የሚፈረድባቸው ሚዛን አንድ አይደለም።

የወሰዱትን ስለ መመለስ ከጉንዳፓ ቪስዋናት የሚበልጥ ምሳሌ አይገኝም። በየካቲት 1980 የሕንድ የክሪኬት ማኅበር የተመሠረተበትን ኀምሳኛ ዓመት ለማክበር በቦምቤ ከእንግሊዝ ጋር አንድ ቴስት ተደረገ። የሕንድ አለቃ በዚያ ቀን ቪስዋናት ነበር፤ ቁመቱ አጭር፣ ጠባዩ ዝምተኛ፣ የመምታቱም ለዛ እስከ ዛሬ የሚወራለት ሰው ነው። እንግሊዞች 58 ነጥብ ላይ አምስት ሰው ወጥቶባቸው ሳለ ጠባቂያቸው ቦብ ቴይለር ገባ። ጥቂት ከቈየ በኋላ ኳሷ በአጠገቡ አልፋ ተያዘች፣ ሕንዶች ጮኹ፣ ዳኛውም ጣቱን አነሣ። ቴይለር አልነካሁም በሚል ፊት ዘግየት አለ። ቪስዋናት በጎን ቆሞ ያይ ነበርና ኳሷ እንዳልነካች ስላመነ፣ ወደ ዳኛው ሄዶ አቤቱታችንን አንሥተናል አለ፤ ቴይለርም ተመለሰ። ይህ ሰው ከኢያን ቦታም ጋር ሆኖ የቡድኑን ነጥብ በ171 አሳደገ፤ እርሱ ራሱ ያገኘው 43 ብቻ ቢሆንም፣ ቦታም 114 እስኪደርስ ድረስ ጸንቶ ቆመለት። እንግሊዝ በዐሥር ሰው ብልጫ አሸነፈች። ቪስዋናት በሕይወቱ ሕንድን በአለቅነት የመራው በሁለት ቴስቶች ብቻ ነው፤ አንደኛው ያለ አሸናፊ ተፈጸመ፣ ሁለተኛው ይህ ነው። እንግዲህ አንድም ድል ሳያይ ከአለቅነት ወረደ።

አንዳንድ ሰው በዚህ ላይ ይቈጣል። በአገሩ የበዓል ቀን፣ ሕዝብ በሞላበት ሜዳ፣ የዐሥር ባልንጀሮቹን ድካም ለባዕድ አሳልፎ ሰጠ ይላል። ነገሩ የስጦታ ቢሆን ኖሮ ቍጣው ምክንያት በኖረው ነበር፤ የሰው ገንዘብ እየሰጡ ለጋስ መባል ቀላል ነውና። ቪስዋናት ግን የሰጠው ነገር የለም። የቴይለር መውጣት የሕንድ ገንዘብ አልነበረም፤ በዳኛ ስሕተት ወደ ሕንድ ቤት የገባ የሌላ ሰው ዕቃ ነበር። የቤቱ አለቃ ይህን ሲያውቅ የመመለስ ሥልጣን ያለው እርሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ከጊልክሪስት ሥራ ይልቅ የቪስዋናት ሥራ ይከብዳል፤ ጊልክሪስት የመለሰው በራሱ እጅ የያዘውን ነው፣ ቪስዋናት ግን ዳኛ አስቀድሞ ያጸደቀለትን ነው።

ስጦታውን የሰጠ ጃማይካዊው ኮርትኒ ዎልሽ ነው። በጥቅምት 1987 በላሆር የዌስት ኢንዲስ ደሴቶች ቡድንና ፓኪስታን በዓለም ዋንጫ ተጋጠሙ። ይህ የደሴቶቹ ቡድን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዋንጫዎች በ1975ና በ1979 ወስዶ፣ በ1983ም ለፍጻሜ ደርሶ ነበር። ዎልሽ ከአንድ ሳምንት በፊት በጉጅራንዋላ ከእንግሊዝ ጋር ሲጋጠሙ የመጨረሻዎቹን ኳሶች ወርውሮ ድሉ ከእጁ አምልጦት ነበርና፣ በዚህ ቀን የመጨረሻው ውርወራ እንደ ገና ለእርሱ ሲሰጠው ምን ይሰማው እንደ ነበር መገመት ይቻላል። ፓኪስታኖች ዘጠኝ ሰው ወጥቶባቸው የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል። አንድ ኳስ ቀረች፤ ሁለት ነጥብ ያስፈልጋቸዋል። ዎልሽ ሮጦ መጣ። በእርሱ በኩል የቆመው ሳሊም ጃፋር ግን ኳሷ ሳትወረወር፣ ለመሮጥ ቸኵሎ ከመስመሩ ርቆ ሄዷል። ዎልሽ ቆመ። እንጨቶቹን በያዘው ኳስ ቢነካ ጃፋር ወጣ፣ ግጥሚያውም አለቀ፣ ሕጉም ይፈቅድለታል። እርሱ ግን ወደ መስመርህ ተመለስ ብሎ አሳየውና፣ ራሱ ወደ ኋላው ተመልሶ እንደ ገና ሮጦ ወረወረ። አብዱል ቃዲር ኳሷን መትቶ ሁለቱን ነጥብ ሮጠ። ፓኪስታን አሸነፈች፤ የደሴቶቹ ቡድንም ወደ አራቱ አገሮች ጨዋታ ሳያልፍ ቀረ። ከተሸለማቸው ነገሮች አንዱ በእጅ የተሠራ ምንጣፍ ነው።

እዚህ ላይ ቪስዋናትን ከነቀፌታ ያዳነው ክርክር ዎልሽን አያድነውም። ጃፋር ያልተፈቀደለትን እርምጃ እየሰረቀ ነበር፤ ዎልሽ ለእርሱ አንድም ዕዳ አልነበረበትም። የሰጠው በእውነት የደሴቶቹን ገንዘብ ነው፤ ሰዎቹም ከዋንጫው ጕዞ ቀሩ። ታዲያ ተሳስቷልን? የጨዋታው ወዳጅ በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ ሌሊት ሊያድር ይችላል። ይሁን እንጂ ሕጉ ያን ሥልጣን የሰጠው ለአለቃው ወይም ለቡድኑ ጉባኤ ሳይሆን ኳሷን ለያዘው ሰው ነው፤ በዚያችም አፍታ ኳሷ በዎልሽ እጅ ነበረች። አድርግ ያለው እንደሌለ ሁሉ፣ ለምን አደረግህ የሚለውም መብት ያለው አይመስልም። ዎልሽ በኋላ በ2001 በቴስት ታሪክ አምስት መቶ መቺ ያስወጣ የመጀመሪያው ወርዋሪ ሆነ፤ ጨዋታውን የተወውም 519 አስወጥቶ ነው።

ነገር ግን ስጦታ ስጦታ የሚሆነው ግዴታ ባልሆነ ጊዜ ነው። ዎልሽን የሚያመሰግኑ ሰዎች እንደ እርሱ ያላደረገውን ሁሉ ሲወቅሱ ሥራውን ራሱን ያዋርዱታል። በ1947 በሲድኒ ሕንዳዊው ቪኑ ማንካድ፣ አውስትራሊያዊው ቢል ብራውን ከመስመሩ እየቸኰለ ሲወጣ እንጨቱን መትቶ አስወጣው፤ ስሙም እስከ ዛሬ ለዚህ ዓይነቱ አወጣጥ መጠሪያ ሆኖ እንደ ስድብ ይነገራል። የተጐዳው ቡድን አለቃ ብራድማን ግን ማንካድን በጽሑፍ ደግፎታል፤ ሕጉም በ2022 ይህን አወጣጥ የግፍ ጨዋታ ከሚለው አንቀጽ አውጥቶ እንደ ማንኛውም አወጣጥ ቈጠረው። ማንካድ የሰረቀው ነገር የለም፤ ስጦታ ብቻ ነው የነፈገ።

በዚህ ሚዛን ሲታይ የሕዝብ ፍርድ ምን ያህል የተገለበጠ እንደ ሆነ በግልጥ የታየው በሐምሌ 2023 በሎርድስ ሜዳ ነው። እንግሊዛዊው ጆኒ ቤርስቶ ያለፈችው ኳስ ያበቃላት መስሎት ከመስመሩ ሲወጣ፣ የአውስትራሊያው ጠባቂ አሌክስ ኬሪ ኳሷን ወርውሮ እንጨቶቹን መታ። አወጣጡ በሕግ የጸና ነበር፤ አለቃው ፓት ከሚንስም አቤቱታውን አላነሣም። ሕዝቡ አጭበርባሪዎች እያለ ጮኸ፤ የሕጉ ጠባቂ ከሆነው ክበብ አባሎች መካከል እንኳ በማረፊያው አዳራሽ ተጫዋቾቹን የተሳደቡ ተገኝተው ሦስቱ ታገዱ። በቤርስቶ ምትክ ወደ ሜዳ የገባውም መቺ ያው ስቱዋርት ብሮድ ነበረ፤ እርሱም ጠባቂውን በዚህ ሥራ ብቻ ስትታወስ ትኖራለህ እያለ ይወቅሰው ነበር። ከዐሥር ዓመት በፊት በኖቲንግሃም ብሮድ ሲቆም የተደሰተ ሰው፣ በሎርድስ በኬሪ ላይ ሊቈጣ የሚችለው በምን ሕግ ነው? ብሮድ ዕዳውን አልከፈለም፤ ኬሪ ስጦታ አልሰጠም። ከሁለቱ የሚከፋው የትኛው እንደ ሆነ ለመናገር ብዙ ማሰብ አያሻም። ሰው የራሱን ወገን ሲያይ ዕዳውን ስጦታ ያደርግለታል፣ ባዕዱን ሲያይ ስጦታውን ዕዳ ያደርግበታል።

ዛሬ ይህን ሁሉ ክርክር መሣሪያ ይጨርሰዋል የሚሉ አሉ። የዳኛን ፍርድ በመሣሪያ መመርመር በ2008 በሕንድና በስሪ ላንካ ግጥሚያ ተሞከረ፤ ከዚያም በዓለም ሁሉ ተስፋፋ። ኳሷ መምቻውን ስትነካ የሚሰማውን ጥቂት ድምፅ በመስመር ሥሎ የሚያሳይ መሣሪያ ስላለ፣ የመቺው ምስክርነት እንደ ቀድሞው አስፈላጊ አይደለም። ብዙ መቺዎች አሁን የሚቆሙት ዳኛውን ሳይሆን መሣሪያውን እየጠበቁ ነው፤ ብዙዎችም የሚሄዱት ሕሊናቸው ስላዘዛቸው ሳይሆን መሣሪያው እንደማይምራቸው ስላወቁ ነው። ስለዚህ በፈቃዱ የሚወጣ መቺ ዛሬ ምስጋናው ቀንሷል።

ዳሩ ግን በሰኔ 16 ቀን 2019 በማንቸስተር፣ በዓለም ዋንጫ፣ ሕንድና ፓኪስታን ሲጋጠሙ የሆነው ነገር ከዚህ ስሌት ውጭ ነው። በዚያን ጊዜ የሕንድ አለቃ የነበረው ቪራት ኮህሊ በጠባዩ ቍጡ፣ በድልም በሽንፈትም የሚጮኽ፣ ትሑት ተብሎ ተመስግኖ የማያውቅ ሰው ነው። 77 ነጥብ አግኝቶ ሳለ ሞሐመድ አሚር የወረወራት ኳስ ወደ ራሱ ተነሣችና ሊመታት ሞከረ፤ ጠባቂው ያዛት። ዳኛው ገና ሳይፈርድ ኮህሊ ፊቱን አዙሮ ሄደ። ማንም ሊመልሰው አላሰበም፤ እንዲህ ያለ ሰው ካልነካ አይሄድምና። ወዲያው መሣሪያው ሲታይ መስመሩ ጥቂት እንኳ ሳይነቃነቅ ቀጥ ብሎ ተገኘ፤ ኳሷ መምቻውን አልነካችም ነበር። ኮህሊ በእጁ የተሰማውን ነገር አምኖ፣ የሌለበትን ዕዳ ከፍሎ ሄዷል። ሕጉ ተሳስቶ የሚሄደውን መቺ ዳኛው ይመልሰው ይላል፤ ዳኛው ግን ከመቺው ከራሱ የበለጠ የሚያምነው ምስክር በዚያ ሰዓት አልነበረውም። መቶ ሊሞላ 23 ነጥብ ቀርቶት ነበር።